የተመለሰ ቅርጫ

የሥራነሽ በሬ ዳልቻ የሞተው በደብረ ዘይት እሑድ ማግሥት ነው። «ሞተ» ማለት ግን ነውር ነበር፤ በመንደሩ «ታረደ» ተብሎ ነው የተወራው። ጎሕ ሲቀድ ደኅና ነበር። ረፋድ ላይ ከበረት ወጥቶ አንገቱን አቀርቅሮ ቆመ፤ ቆዳው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቀትር ሳይሆን ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ። ጎረቤቷ አስማማው ቢላዋ ይዞ እየሮጠ መጣ። ነፍሱ ሳትወጣ ቢላዋው ከደረሰ ሥጋ ነው፤ ካልደረሰ በክት ነው፣ በክት ደግሞ ለጅብ እንጂ ለክርስቲያን አይሆንም። አስማማው ደረሰ። ደሙ ግን እንደ ወጉ አልረጋም፤ ጠቁሮ እንደ አተላ ወረደ። በቦታው የነበረ ሁሉ አየ። ያየም ሁሉ ዞር ብሎ ስለ በልጉ ዝናብ ማውራት ጀመረ።

ዝም ማለታቸው ከክፋት አልነበረም። ይጁቤ ገበያ የሚውለው ደገኛ አንድ የቆየ ደግነት አለው፤ የሰው በሬ ገደል ቢገባ፣ እግሩ ቢሰበር፣ ወይም እንዲህ ድንገት ቢወድቅ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሥጋውን ይቃረጠዋል። ሥጋ አምሮት አይደለም። ባለ በሬው በፋንታው እህል ያገኛል፣ እህሉ ወይፈን ይሆናል፣ ማሳው ጦም አያድርም። ባለ በሬዋ ባል የሞተባት ሴት ስትሆን ደግሞ እምቢ የሚል የለም። እምቢ ያለ ሰው ስሙ ከሥጋው ቀድሞ ይሸታል።

ስለዚህ ሥጋው ተመደበ፣ ዕጣ ተጣለ፣ ሁሉም ድርሻውን ተሸክሞ ሄደ። ሁዳዴ ነውና የቀመሰ የለም። ተዘልዝሎ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ፣ በየቤቱ ጣራ ሥር ገመድ ላይ ተሰቀለና ፋሲካን መጠበቅ ያዘ። በየደጁም ለሥራነሽ ጤፍና ስንዴ ተሰፈረላት፣ እንደየአቅሙ።

ሥራነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ የማንንም እጅ አይታ የማታውቅ ሴት ናት። አጥሯን ራሷ ታጥራለች፤ ዳኛ ፊት ራሷ ትቆማለች፤ ምላሷ ደግሞ ከአጥሯ እሾህ ይበልጥ ይፈራል። የቀራት በሬ ቀዮ ብቻውን ሲያመሰኳ ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል። ጓዳ ገብታ የጎረቤቱን እህል ስታይ ግን ትጽናናለች። ክረምት ሳይገባ ወይፈን ይሆናል። ስጦታ አይደለም፣ የበሬዬ ዋጋ ነው ትላለች ለራሷ። ይህንን ደጋግማ ትለዋለች።

ወንጌላዊት የመጣችው በኒቆዲሞስ ሳምንት ነው። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ናት፤ ሥራዋ ሰው የሚበላውንና የሚጠጣውን መቆጣጠር ነው። የሥጋ ቤት ጉማጅ እንጨት ታሸታለች፣ የጠላ ቤት ጋን ታስከፍታለች፣ የምንጭ ውኃ በጠርሙስ ትቀዳለች፤ በዚህም የተነሣ ይጁቤ ላይ ከሚወዳት የሚያውቃት ይበዛል። መንገዱ እስከሚፈቅደው በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሯ መጣች።

ያመጣት አንድ ክንድ ነው። ከጥቂት ቀን በፊት አንድ ገበሬ ጤና ጣቢያ ሄዶ ነበር፤ ክንዱ ላይ እንደ ከሰል የጠቆረ ቁስል፣ ዙሪያው ያበጠ፣ ሲነካ የማያመው። የቀጋ እሾህ ወጋኝ አለ። ነርሷ ለባለሙያ ላሳይህ ብላ ዞር ስትል ሰውየው የለም። ስሙን የሐሰት ሰጥቷል፤ የመንደሩን ስም ግን መቀየር ረስቷል። ወንጌላዊት ይህንን ስትሰማ ነገሩ ገባት። የማያም ጥቁር ቁስል የእሾህ አይደለም፤ አባ ሰንጋ የገደለውን ከብት የገፈፈ ሰው ቁስል ነው።

ቤት ለቤት ዞረች። እንዲህ ያለ መልካም አቀባበል ተደርጎላት አያውቅም። ቆሎ ቀረበላት፣ እግርሽን ታጠቢ ተባለች፣ የእናት የአባቷ አገር ተጠየቀ። ከብት ሞቶባችሁ ያውቃል ስትል ግን እግዜር ይመስገን የእኛ አገር ከብት አይሞትም አሏት። ቋንጣ አላችሁ ስትል ሴቶቹ አማተቡ፤ በሁዳዴ ማን ሥጋ ያያል። ይህንን የሚሏት ጣራ ጣራውን ላለማየት አንገታቸውን እንደ ደረቀ እንጨት ቀጥ አድርገው ነው። በመጨረሻ ሥራነሽ ቤት ደረሰች።

ሥራነሽ ዱካ ሰጠቻት። ወንጌላዊት ተቀምጣ ግቢውን አየች፣ ቀዮን አየች፣ ስንት በሬ እንዳላት ጠየቀች።

«አንድ» አለች ሥራነሽ።

«ድሮስ፣ እማማ?»

«ድሮ ሁለት ነበረኝ። ድሮ ባልም ነበረኝ።»

«ሁለተኛው ምን ሆነ?»

«ታረደ።»

«በሁዳዴ?»

የእርሻ በሬ፣ ያውም በጾም መካከል፣ ወዶ የሚያርድ ጎጃሜ የለም። ልጅቱ ይህንን ታውቃለች፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ ብትሆንም የባላገር የልጅ ልጅ ናት።

ወንጌላዊት ድምፅዋን ሳታነሣ አባ ሰንጋ የሚለውን ስም ጠራችው። እዚያ መንደር ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይጠራው ስም ነው። በሽታው ከብቱ ከሞተ በኋላም በሥጋው፣ በቆዳው፣ ደሙ በፈሰሰበት አፈር እንደሚኖር፣ የገፈፈውንም ሰው በማያም ጥቁር ቁስል እንደሚይዝ ነገረቻት። ጨው አይገድለውም፣ በርበሬ አይገድለውም፣ ጭስ አይገድለውም፤ የበላው ሰው አንጀቱ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሊሞት ይችላል። ቋንጣው ሁሉ ተሰብስቦ ካልተቃጠለ ፋሲካ የሚሆነው ልቅሶ ነው።

«ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ እኛ ቋንጣ እንበላ ነበር» አለች ሥራነሽ።

«አውቃለሁ። የበሉትን ሁሉ ግን ዛሬ አላገኘኋቸውም።»

ሥራነሽ ብድግ አለች። በሬዬን እግዜር ወሰደው፣ ስሜን ደግሞ አንቺ ልትወስጂ መጣሽ አለቻት፤ ለአገሩ መርዝ ያካፈለች ሴት ልታስብይኝ። የጤና ሰው ሆዳችንን መርምር ተብሎ ተሾመ እንጂ ጣራችንን እንዲቆጥር ማን ነገረው። ሌላም ብዙ አለች። ወንጌላዊት እስክትጨርስ ጠበቀች፤ ከዚያ ተነሥታ የጫማዋን አቧራ አራገፈች።

«ፖሊስ ይዤ መምጣት እችላለሁ» አለች፤ «ፖሊስ ግን ቋንጣ አያገኝም። ሰዉ የሚዋሸኝ እኔን ጠልቶ አይደለም፣ ለእርስዎ ብሎ ነው። ስለዚህ ከእርስዎ በቀር የሚያስወጣው የለም። ጤና ኬላው ጋ ነኝ።»

ሥራነሽ ቀጥታ ወደ አስማማው ቤት ነጎደች። አስማማው ዳልቻን የባረከላት፣ ማሳዋን በእኩል የሚያርስላት ሰው ነው፤ ልጅቱን አብሯት የሚረግም አንድ ሰው ፈልጋ ነበር። ሚስቱ ወለተ ኢየሱስ በር ላይ ተቀበለቻት፤ ግን ግቢ አላለቻትም። ይህ ሆኖ አያውቅም። ትንሽ ብርድ መትቶት ተኝቷል አለች ወለተ ኢየሱስ፣ በሩን በትከሻዋ ሞልታ። ሥራነሽ ትከሻዋን በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

አስማማው በዚያ ሙቀት እስከ አገጩ ጋቢ ለብሶ ተጋድሟል። ከበላዩ ቋንጣው ተሰቅሏል፣ ደርቆ፣ ቀልቶ። ከቋንጣው ሥር ደግሞ ትንሿ ልጃቸው መቅዲ ዱካ ላይ ወጥታ፣ በእግሯ ጣት ቆማ፣ እጇን ሽቅብ ዘርግታለች። ጾም ያልጀመረች ሕፃን ናት። የጣቷ ጫፍ የታችኛውን ዝልዝል ነክቶ ሲያወዛውዘው ሥራነሽ በወገቧ አፈፍ አድርጋ አወረደቻት።

ወለተ ኢየሱስ ሮጣ መጣችና የልጅቱን እጅ በውኃና በሳሙና ፈተገችው፤ አንድ ጊዜ አልበቃትም፣ ደገመችው። አልቀመሰችም፣ በማርያም አልቀመሰችም ትላለች ደጋግማ። ሥራነሽ ያን ጊዜ ነው የጋቢውን ጫፍ የገለጠችው። ክንዱ እስከ ብብቱ አብጧል፤ መካከሉ ላይ ጥቁሩ ቁስል አለ፣ ልክ ወንጌላዊት እንዳለችው።



«ካወቃችሁ ለምን አላወረዳችሁትም?» አለች ሥራነሽ።

ወለተ ኢየሱስ መሬት መሬት አየች። «ብናወርደው ስትገቢ ታያለሽ። ቋንጣው የት ሄደ ትያለሽ።»

«ፋሲካ ሲደርስስ?»

«ፋሲካ ሲደርስ እግዜር ያውቃል።»

«እኔን ፈርታችሁ ነው?»

«አልፈራንሽም፣ እትዬ» አለ አስማማው ከተኛበት። «አሳዘንሽን እንጂ።»

ፍርሃት በተሻላት። ሰው ሲፈራት መኖርን ታውቅበታለች፤ ሲያዝንላት ግን ምን እንደሚደረግ ማንም አላስተማራትም። ይህች የማንንም እጅ አላይም ያለች ሴት ለካስ አገር ሙሉ ሰው ለእሷ ክብር ሲል ሞትን ጣራው ሥር ሰቅሎ ይጠብቅ ኖሯል። አንዱ የአስማማውን ክንድ አይቷል፣ ሌላው ሰምቷል፣ ሦስተኛው የደሙን ጥቁረት አልረሳም፤ ግን ከሥራነሽ ፊት ቀድሞ አውጥቶ የሚጥል ጠፋ። ይሉኝታ ከአባ ሰንጋ እኩል ይገድላል፤ ልዩነቱ ይሉኝታን የሚከትብ አለመኖሩ ነው።

ነጠላዋን አጥብቃ አሸርጣ ወደ ጤና ኬላው ወረደች። ወንጌላዊትን ስታገኛት ይቅርታ አላለችም፤ ከአፏ የሚወጣ ነገር አይደለም። «ጓንትሽን ያዢና ተነሺ» ነው ያለቻት።

ወንጌላዊት በመጀመሪያ ያየችው አስማማውን ነው። ክንዱን አገላብጣ ከተመለከተች በኋላ ዛሬውኑ መርፌ ከጀመረ እንደሚድን፣ ካደረ ግን ቃል እንደማትገባ ነገረችው። ባጃጁ ተጠርቶ እስኪመጣ ሁለቱ ሴቶች መንደሩን ጀመሩት፤ ሥራነሽ ከፊት፣ ወንጌላዊት የማዳበሪያ ጆንያ ይዛ ከኋላ።

የሰጡትን መልሶ መጠየቅ በዚያ አገር ከሌብነት አይሻልም። ሥራነሽ ግን በየደጁ ቆማ አንድ ቃል ብቻ ትላለች፤ ሥጋዬን መልሱልኝ። ምክንያት አትጨምርም፣ አትለምንም። መጀመሪያ የሄደችው ቄስ መሳፍንት ቤት ነው። ቄሱ ለጥቂት ጊዜ መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩዋት፤ ከዚያ ገብተው በቅርጫት ይዘው ወጡ፤ በረጅሙ ተነፈሱም፣ ሸክም እንዳወረደ ሰው። ሌላዋ ጎረቤት ከአልጋ ሥር አወጣችው። ጠዋት በሁዳዴ ማን ሥጋ ያያል ብላ ያማተበችው ሴትዮ ከጤፍ ጎተራ ውስጥ ስታወጣ ወንጌላዊት ፊቷን አዞረች፤ እንዳትስቅ ነው። ሴትዮዋ ግን ራሷ ሳቀች። ወንጌላዊት ሥጋው የነካውን ጤፍ ጭምር በጆንያ አስገባችና ሳቁ አበቃ። ሁሉም እጁን በሳሙና እንዲታጠብ፣ የነካው ሁሉ ክኒን እንዲወስድ እየነገረች አለፈች።

ነገሩ የተገተረው አያ እንዳላማው ደጅ ላይ ነው። አያ እንዳላማው የመንደሩ ሀብታም ነው፤ ዕጣ ሲጣል ለሥራነሽ አዝኖ ሁለት መደብ የወሰደ እሱ ነው። አሁን ግን በሩ ላይ ቆሞ ዱላውን መሬት ላይ ተከለ። እኔ ታርዶ ያየሁትን ሥጋ ለመንግሥት እሳት አልሰጥም አለ። ደኅና ተደርጎ የተቀቀለ ነገር ማንንም ገድሎ አያውቅም። ከሴቶቹ ኋላ የተከተለው ሰው ብዙ ነበርና ቀድመው የመለሱት ሰዎች እርስ በርሳቸው መተያየት ጀመሩ። አንዷ ገና ያላስረከበችውን ቅርጫት ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

ከዚያ አያ እንዳላማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሥራነሽ መውጫ ከፈተላት። «የበሬሽን ራስ ይዘሽ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ቢላዋው ሲደርስ ትንፋሹ ወጥቶ ነበር በዪኝ። በክት ነው በዪኝና አሁኑኑ ለጅብ እጥለዋለሁ።»

አንዲት ቃል ነበረች። ብትላት ጆንያው በአንድ አፍታ ይሞላል፤ በክት ቤቱ የሚያሳድር ክርስቲያን የለም። ግን ቢላዋውን ይዞ የሮጠው አስማማው ነው። ቃሏን ብታወጣ፣ እሱ ክንዱ አብጦ ሐኪም ቤት ሲተኛ፣ እዚህ ለአገሩ በክት ያበላ ሰው ይባላል። ያም ስም በመርፌ አይድንም።

«ቢላዋው ደርሷል» አለች። «በሬዬ ታርዷል። ታሞ ግን ነው የታረደው። ደሙ ጥቁር ነበር፣ አያ እንዳላማው፤ አንተም አይተሃል፣ እኔም አይቻለሁ። አይቼ ዝም ያልኩት ወይፈን አምሮኝ ነው። አንተስ ምን አምሮህ ነው ዝም ያልከው?»

ያን ጊዜ ከበስተጀርባ ሰዉ ተከፈለ። አስማማው በሁለት ሰው ተደግፎ ወደ ባጃጁ እየሄደ ነው፤ መንገዱ በዚያው ደጅ ያልፋል። ቆመ። ማንም ሳይለምነው ጋቢውን ከትከሻው ጣለና ክንዱን ለሁሉም አሳየ።

«የቀጋ እሾህ ነው ብዬ ነበር» አለ። «ዋሽቻለሁ። በሬውን ስገፍፍ ነው የያዘኝ።»

ሌላ አልጨመረም፤ ወደ ባጃጁ አለፈ። አያ እንዳላማው ዱላውን ከተከለበት ነቀለ፣ ገባ፣ በሁለት እጁ አቅፎ ሊያወጣ ሲል ወንጌላዊት አስቁማ ጓንት ሰጠችው። ጓንቱ ያን ለሚያክል እጅ የተሠራ አልነበረም፤ አውራ ጣቱ አልገባ ብሎ ሲታገል ቄስ መሳፍንት አያ እንዳላማው ዛሬ ሙሽራ ሆነ አሉ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አገሩ ሁሉ በአንድ ላይ ሳቀ። ሁለቱም መደብ ወጣ።

ከቤት ራቅ ብሎ፣ ከምንጩ በላይ ሳይሆን በታች፣ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ። ቋንጣው፣ አጥንቱ፣ የተወጠረው ቆዳ ሳይቀር ገባበት፤ ነደደ፤ ኖራ ተነሰነሰበት፤ ተደፈነ። ዳልቻ የወደቀበት አፈርም ተጠርጎ አብሮ ገባ። ሥራነሽ እሳቱ ሲበርድ ቆማ እህላችሁን ኑና ውሰዱ አለች። ሥጋው ከተመለሰ እህሉም ይመለሳል፣ ሕጉ ነው። ወይፈኑም አብሮ መንደዱን ማንም ሳይነግራት ታውቃለች።

አያ እንዳላማው ጓንቱን ሊያወልቅ እየታገለ ነበር።

«ጤፉን ለሥጋ የሰጠንሽ መስሎሽ ነው?» አላት።

ሥራነሽ ለሁሉም መልስ ያላት ሴት ናት። አሁን ግን ራሷን ብቻ በእሺታ ነቀነቀች። ያ መነቅነቅ ለእሷ ከዳገት በላይ ነበር፤ የሰውን እጅ ማየት ማለት ይህ ነው። እህሉ ጓዳዋ ቀረ። ወይፈኑ እስኪገኝ ቀዮን ከአያ እንዳላማው አንድ በሬ ጋር ሊያቀናጁት ተስማሙ።

በሳምንቱ የእንስሳት ሐኪም መጥቶ የመንደሩን ከብት ሁሉ ከተበ። ሥጋውን የነካ ሰው ሁሉ ክኒኑን ጨረሰ፤ ከአስማማው በቀር የታመመ አልተገኘም። አስማማው ከደብረ ማርቆስ የተመለሰው በሆሳዕና ዋዜማ ነው፤ የክንዱ እብጠት ጎድሎ፣ ቁስሉ ቅርፊት ይዞ። መቅዲ ደግሞ ሐኪሙ ምን እንዳበላው ለማወቅ ስትጠይቀው ዋለች። ፋሲካ በዶሮና በእንቁላል ተፈሰከ፤ የበሬ ሥጋ ያሰኘው ይጁቤ ድረስ ሄዶ ገዛ።

ከፋሲካ በኋላ ወንጌላዊት ተመልሳ መጣች፤ ምንጩን ልታይ፣ የጉድጓዱንም አፈር ልትመለከት። በዚህኛው ጊዜ ቆሎ ያቀረበላት ትንሽ ነው። ሰዉ የሚነግራት ነገር ነበረው። አንዱ ባለፈው ዓመት በግ እንዲሁ እንደ ወደቀበት ነገራት፤ የት እንደ ቀበረው በጣቱ አሳያት። ሌላዋ ለጠላው ውኃ የምትቀዳበት ጀሪካን የአረም መድኃኒት የነበረበት መሆኑን አንድ ጊዜ በሹክሹክታ፣ ሁለተኛ ጊዜ ጮክ ብላ ተናገረች። ወንጌላዊት እየሰማች፣ እየጠየቀች፣ እየወቀሰች ዞረች። ሥራነሽ አብራት ትዞራለች። ማንም አዟዙሪኝ አላላትም፤ ሰው አፉን መክፈት ሲያቅተው ግን አጠገቡ ትቆምና ታየዋለች፣ ያኔ ይናገራል።

ሊጨርሱ ሲሉ አያ እንዳላማው ከደጁ ጠራቸው። አንዲት ጊደሩ ከትናንት ጀምሮ ሣር እምቢ ብላ ቆማለች። እንደ ድሮው ቢሆን እስካሁን ቢላዋ ተስሎ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ነበር። አሁን ጊደሯ ለብቻዋ ታስራለች፤ ልጆች እንዳይጠጉ በሩ ላይ እሾህ ተጋርዷል።

«አልነካኋትም» አለ አያ እንዳላማው፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ለወንጌላዊት እያሳየ። «ማንንም አላስነካሁም። ነይ እስቲ እያት።»

ወንጌላዊት ስልኳን አውጥታ ለእንስሳት ሐኪሙ እየደወለች ወደ በረቱ አመራች። ሥራነሽ ደግሞ እሾሁን ከበሩ ላይ ገለል አደረገችላት።